ያልተበላው የአንደኛ ማዕረግ ቁርስ

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ሁሉ ወደ ድሬዳዋ በሚጎርፍበት በዚያ ጠዋት የበረራ አስተናጋጇ ወሰንየለሽ ወንዳፈራሁ የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞችን ስም ዝርዝር ስታነብ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ተተከለ። ወይዘሮ ጌታነሽ አወቀ ይላል። ከሥሩ ደግሞ በኃይሉ ፈንታ።

ስሙን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

በመሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። እሱ የዘመሮ ከተማ ባለ ወፍጮዎች ልጅ ነው፤ እሷ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው የቀጥቃጩ የወንዳፈራሁ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ በየሳምንቱ ይጽፍላት ነበር። «ስመረቅ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ በደብዳቤ የማለላትን ቃል በልቧ ይዛው ትዞር ነበር። አንድ ቀን ግን እናቱ ሰሙ። «የቀጥቃጭ ዘር በዚህ በር ከገባች እኔ በቃሬዛ እወጣለሁ» አሉ። ወሰንየለሽ ይህ ሲደርሳት የመጨረሻ ደብዳቤዋን ጻፈች። «ወይ ሽማግሌህን ላክ፤ ወይ ተወኝ ብለህ ጻፍልኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ።»

በኃይሉ ዝም አለ።

አሁን መንገደኞቹ ሲገቡ እሷ በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ደህና መጡ» እያለች ነበር። እናትና ልጅ ተከታትለው መጡ። ወይዘሮ ጌታነሽ ጥለቱ የጠበበ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀና ሳይሉ አለፉ። በኃይሉ ግን አያት። ፊቱ በአንድ ጊዜ ደም መሰለ። 

«መቀመጫዎ በስተግራ ነው ጌታዬ» አለችው። ጌታዬ የምትለው ቃል ከአፏ እንደ ጠጠር ወደቀች።

አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ወሰንየለሽ ከበረራው ዋና አስተናጋጅ ከጽዮን ጋር ቁርሱን ማሰናዳት ጀመረች። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ለአንደኛ ማዕረግ ግን ትኩስ ቁርስ ይቀርባል። የጾሙ ለብቻ ነው፤ በዘይትና በቲማቲም የተሠራ ፍርፍር፣ ትኩስ ዳቦ ከማርማላታ ጋር፣ የተቆራረጠ ፓፓያ፣ የብርቱካን ጭማቂ። ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ሳህኑን በጨርቅ ይዛ፣ ሹካና ቢላውን አስተካክላ የወይዘሮ ጌታነሽ ገበታ ላይ ዝቅ አደረገችው። 

«እንደምን አደሩ እሜቴ። ቁርሱ የጾም ነው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ በመጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥለው ፊቷን አዩ። የመንዝ ሰው የአገሩን አነጋገር ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም።

«አገርሽ የት ነው?»

«መሐል ሜዳ ነኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። «የወንዳፈራሁ። ማረሻ የሚሠራው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ እጃቸውን ከገበታው ላይ ሰበሰቡ። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉ።

«ውሰጅልኝ።»

«እሜቴ፣ ጓደኛዬ ታቅርብልዎ፤ ሌላ ሳህን…»

«ውሰጅው አልኩሽ! የመላእክት አለቃን ልሳለም ወጥቼ ከቀጥቃጭ እጅ ልቅመስ? ሌላውስ ቢሆን አንቺው አይደለሽም ስታነካኪው የነበርሽው?»

ከኋላ ያሉ ሁለት ነጋዴዎች ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ወሰንየለሽ ወደ በኃይሉ ዞረች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠበቀችው። እሱም ተናገረ፤ ወደ እናቱ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል።»

ሰው ይሰማል! እሷ ታዲያ ምን ነበረች? ሳህኑን አነሣች። ወዲያው በኃይሉ በሹክሹክታ ሲለምን ሰማችው። «መርፌውን ተወግተው በባዶ ሆድዎ እንዴት ይሆናል? አንድ ጉርሻ እንኳ…» እናቱ በክርናቸው ጎሸሙት። «ዝም በል! ጉድ ልታደርገኝ ነው?»

ወሰንየለሽ መጋረጃውን ከኋላዋ ስባ ቁርሱን እንዳለ አስቀመጠችው። ጽዮን ትከሻዋን ያዘቻት።

«አልቅሺ ከፈለግሽ፤ ሁለት ደቂቃ አለሽ።»

«አላለቅስም» አለች ወሰንየለሽ። «ሴትዮዋ የስኳር መርፌ ተወግተዋል መሰለኝ። አልበሉም። ዓይንሽ ከእሳቸው አይለይ።»

ይህን የተናገረችው ስለምታዝንላቸው አልነበረም። በዚያች ሰዓት በልቧ ውስጥ ለማንም የሚሆን ርኅራኄ አልነበረም።

*

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የበኃይሉ ጩኸት ተሰማ። ወይዘሮ ጌታነሽ በላብ ተነክረው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ሰው ይጠሩ ነበር። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ማንንም ግን አያይም።

ጽዮን ሐኪም እንዳለ ለመጠየቅ ወደ ድምፅ ማጉያው ሮጠች። ወሰንየለሽ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የሻይ ስኳር በጭማቂ አርጥባ በጣቷ ድዳቸውን አሸች። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ መዋጥ ሲጀምሩ ጭማቂውን በማንኪያ ጠብ አደረገችላቸው። «ይዋጡት እሜቴ፤ ይኸው፤ ትንሽ ብቻ። እኔ ይዤዎታለሁ።» ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ነበር። በኃይሉ ከአጠገቧ ቆሞ ያለቅሳል።

ወይዘሮ ጌታነሽ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው በወሰንየለሽ ፊት ላይ ነበር። አሽቀንጥረው ገፏት።

«በላችኝ! በዓይኗ በላችኝ! አንሡልኝ!»

ከነጋዴዎቹ አንዱ ሳቀ። ሌላው አማተበ። ወሰንየለሽ በኃይሉን ቀና ብላ አየችው። ማንኪያው ገና በእጇ ነው፤ ጣቷ ላይ ስኳሩ አልደረቀም። እሱ ሁሉንም አይቷል። መርፌውንም፣ መንሥኤውንም፣ ያዳነቻቸውንም ያውቃል።

«ይረጋጉ እማዬ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ድሬዳዋ ሲወርዱ በሩ ላይ ቆመች። በኃይሉ እናቱን በሌሎች አስደግፎ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ወሰን… እኔ…»

«ከእኛ ጋር ስለበረሩ እናመሰግናለን» አለችው። «መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ይህን ሰላምታ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ትለዋለች። እንደዚያ ቀን ግን ጠልታው አታውቅም።

*

የበኃይሉ ደብዳቤዎች መምጣት የጀመሩት ከገና በኋላ ነው። ገርጂ ወደ ተከራየችው ቤት በሰው እጅ ይደርሷት ነበር። የመጀመሪያውን ሳትከፍት መለሰችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ግን ከፈተችው። ለምን እንደከፈተችው ለራሷም አልገባትም። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልረሳሁሽም። በዚያን ቀን ጣትሽን ሳይ ልቤ ተሰበረ። እናቴን ግን ታውቂያቸዋለሽ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለእኔ ማንም የላቸውም…»

ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች። «የልብህን መሰበር ለእኔ አትንገረኝ። ያየኸውን ለዘመሮ ሰው ንገረው።» ለመልእክተኛው ሰጠችው።

ይህን የጻፈችበት ምክንያት ነበራት። አባቷ ከመሐል ሜዳ ስልክ ደውሎ «ሰላም ነን» ብሏታል። ቆይቶ ደግሞ «ሰላም ነን ልጄ።» ሊዘጋ ሲል ሦስተኛ ጊዜ «ሰላም ነን» ሲል ሰላም እንዳልሆኑ ገባት። ወይዘሮ ጌታነሽ ከቁልቢ ሲመለሱ የቀጥቃጭ ልጅ በሰማይ ላይ እንደበላቻቸው፣ ገብርኤል ባይደርስላቸው ኖሮ ይሞቱ እንደነበር ለአገሩ ሁሉ ተናግረው ነበር።

ፈቃድ ጠይቃ በጥር አጋማሽ አገሯ ገባች። ውርጩ ፊት ይቆርጣል። ወቅቱ ለበልግ ገብስ የሚታረስበት ነው፤ በዚህ ጊዜ የወንዳፈራሁ ደጅ ማረሻ ሊያስሉ በመጡ ገበሬዎች ይጣበብ ነበር። ዘንድሮ ወናፉ አፉን ዘግቶ ጥግ ተጋድሟል። ገበሬው እስከ ሩቁ ቀየት ድረስ እየሄደ በሌላ ቀጥቃጭ ያስላል። ቦኖ ውኃ ላይ ወሰንየለሽ ጀሪካኗን ስታስጠጋ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ወንዳፈራሁ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሥራ የፈታ እጁ ያረጀ መሰለ።

«ተይው ልጄ። የሠራሁትን ይፈልጉታል፤ እኔን አይፈልጉኝም። ከአባቴ ጀምሮ የለመድነው ነው።»

«እኔ አልለመድኩትም አባዬ» አለች። «መልመድም አልፈልግም።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ነገ ገብርኤል ነው። ማኅበሩ በእሜቴ ጌታነሽ ቤት ነው አሉ። ሄጄ ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ።»

አባቷ ተነሥቶ በሩን በሰውነቱ ዘጋ። ክፉ ተናግሯት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኸባት። «ሊገድሉሽ ነው! ያንን ግቢ በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ረገጥኩት፤ የወፍጮውን ብረት ልጠግን። ከደጅ ነው እህሉን በቅጠል ያቀረቡልኝ!» ተናግሮ ሲጨርስ አፈረ። ልጁ ይህን አታውቅም ነበር። እሷም አላጽናናችውም፤ ብታጽናናው ሁለቱም እንደሚሰበሩ ታውቃለች። ብቻ ጎኑን ይዛ ከበሩ ገለል አደረገችው፤ እሱም እንደ ልጅ እሺ አላት።

*

ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘመሮ ስትደርስ ቀኑ ተጋምሷል። በወይዘሮ ጌታነሽ ግቢ ማኅበርተኛው ከዳሱ ሥር ተሰብስቧል። የነፍስ አባታቸው መምሬ መርስዔ ኃዘን ከመካከል ተቀምጠዋል። በኃይሉ ለማኅበሩ እንደ ልማዱ ከሚሠራበት ከተማ መጥቶ ጠላ ይቀዳ ነበር። ሲያያት ማንቆርቆሪያው በእጁ እንዳለ ቀረ።

«ቤቶች!» አለች ወሰንየለሽ።

«ከደጄ ውጪ!» ወይዘሮ ጌታነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ምን ቀረሽ? የተረፈኝን ልትጨርሺ መጣሽ?»

«ተይ ጌታነሽ» አሉ መምሬ። «በመልአኩ ቀን የመጣ አይባረርም። ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ወሰንየለሽ ከዳሱ አልገባችም። ፀሐዩ ላይ እንደቆመች ተናገረች።

«አባቴ፣ እሜቴ በላችኝ ይላሉ። እኔ አልበላኋቸውም፤ ያበላኋቸው ነኝ። ራሳቸውን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በማንኪያ፣ እንደ ሕፃን። እሳቸው በሚነዙት ወሬ የአባቴ ደጅ ተዘግቷል። ዛሬ በማኅበሩ ፊት፣ ዓይኔን እያዩ ይድገሙት።»

«እደግመዋለሁ!» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «በጾም ቁርስ ይዛ መጣችብኝ። እኔ በጾም ቁርስ የምበላ ሴት ነኝ? እምቢ ስላት ዓይኗን ተከለችብኝ፤ ወዲያው ወደቅሁ። ሰው ሁሉ አይቷል!»

ማኅበርተኛው አጉረመረመ። አንዲት ሴት «ወይ ጉድ» አለች። ወሰንየለሽ አሁን ነገሩ ገባት። ሴትዮዋ የደበቁት ትዕቢታቸውን ሳይሆን በሽታቸውን ነበር። በነቢያት ጾም በሐኪም ትእዛዝ ጠዋት ጠዋት እንደሚበሉ መምሬም፣ ማኅበሩም አያውቁም። አንድ ቃል ብትናገር እዚያው ትጥላቸዋለች። ቃሉም ምላሷ ላይ ደርሷል።

ዋጠችው።

«የመንገደኛ ሕመም የእሱ ነው፤ እኔ አልናገርም» አለች። «ያየ ሰው ግን እዚህ አለ። እንደለመደው ዝም ካለ እሄዳለሁ።»

ሁሉም የበኃይሉን ፊት አዩ። እሱ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓዳ ሊገባ ሲል ወሰንየለሽ አየችው፤ በዚያች ቅጽበት የጠላችውን ያህል ማንንም ጠልታ አታውቅም። ከዚያ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እማዬ ስኳር በሽታ አለባቸው። አራት ዓመታቸው ነው።»

«በኃይሉ!»

«ሐኪም በጾምም ቢሆን ጠዋት እንዲበሉ አዟል። ቁርስ በሰዓቱ የሚቀርብበትን አንደኛ ማዕረግ የቆረጥኩላቸውም ለዚህ ነው። መርፌውን የወጋኋቸው እኔ ነኝ። ቁርሱን የመለሱት በጾም ምክንያት አይደለም፤ ያቀረበችው የወንዳፈራሁ ልጅ ስለሆነች ነው። የጣላቸው ባዶ ሆዳቸው ነው። እሷ ባትኖር እናቴን ዛሬ በሕይወት አላገኛቸውም ነበር።» ወደ ማኅበርተኛው ዞረ። «እዚያው ቆሜ ነበር። ሁሉን እያየሁ ዝም አልኩ።»

 ወይዘሮ ጌታነሽ መቋሚያቸውን ፈልገው አጡት። እጃቸው አየሩን ይዳብሳል።

«እርስዎን ፈርቼ ነው አባቴ» አሉ ለመምሬ፣ ብዙም በማይሰማ ድምፅ። «ጾም ገዳፊ እንዳልባል…»

መምሬ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ከጭናቸው ላይ አነሡ። ከዚያ «ለታመመ ሰው በጾም መብላት ተፈቅዷል» አሉ። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። የሰው ስም መብላት ግን ለታመመም፣ ለዳነም አልተፈቀደም። ይህች ልጅ ነውርሽን ሸፍናልሻለች። አንቺ ምን ሸፈንሽላት?»

ይቅርታ ይላሉ ብሎ ሁሉም ጠበቀ። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ቋጥሯል፤ ድምፃቸው እንደ ድንጋይ ነው።

«ደስ ይበልሽ» አሏት። «የልጄን አፍ ፈትተሽ አዋረድሽኝ። አንተም ውጣ። ከዚህ በኋላ እናቴ ብለህ እንዳትመጣብኝ።»

ወሰንየለሽ በዚያ ቀን ድል የምታደርግ መስሏት ነበር። አሁን የምታየው በራሳቸው ደጅ መቋሚያቸው የጠፋባቸውን የታመሙ አሮጊት ብቻ ነው። «ደስ አላለኝም እሜቴ» አለች። እውነቷን ነበር፤ ምንም ደስ አላላትም።

*

ወደ መኪና መቆሚያው በሚወስደው ኮረኮንች ላይ በኃይሉ ደረሰባት።

«ወሰን!»

«አትከተለኝ!»

«አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ።»

ዞረች። ነፋሱ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ይነጥቃል። «እኔ ልንገርህ! እናትህ ጠሉኝ። ጥላቻቸው ፊት ለፊት ነው፤ አውቀዋለሁ፤ እችለዋለሁ። የጎዳኝ ያንተ ፍቅር ነው። ሁልጊዜ ከጀርባዬ ነው የምትወደኝ። በደብዳቤ ትወደኛለህ። በሹክሹክታ ትወደኛለህ። ሰው ፊት ስንቆም ግን አታውቀኝም!»

«ፈሪ ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

በኃይሉ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «አሁንም እፈራለሁ። ያሉኝ እናት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዛሬ አጣኋቸው። ጀግና ሆኛለሁ አልልሽም። እየፈራሁ ግን ተናገርኩ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ መልሰህ ውሰደው። እዳ ሆኖብኝ እንዲኖር አልፈልግም።»

«ለአንቺ አይደለም» አለ። «ከዚያ ቀን ወዲህ መስተዋት ፊት መቆም አቅቶኝ ነበር። ለራሴ ነው።»

ይህን አልጠበቀችም። «ለአንቺ ብዬ» ቢላት ኖሮ ጥላው መሄድ ቀላል ነበር። ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ቁጣ ድንገት የምትይዝበት እጀታ አጣ፤ እንባዋም ሳትፈቅድለት ወረደ። በመዳፏ በኃይል ጠረገችው።

«ስታለቅስ አየኋት ብለህ እንዳትመካ።»

«አልመካም።»

«ነገ አባቴ ዘንድ ሄደህ ያየኸውን ለእሱ ትነግረዋለህ። እሱ ደግሞ ያባርርህ ይሆናል። እኔም አብሬ አባርርህ ይሆናል። እሺ?»

«ከነገ ወዲያ ደግሞ እመጣለሁ።»

«ከነገ ወዲያም እናባርርሃለን!»

«እሺ ወሰን።»

 ፊቷን አዙራ መንገዷን ቀጠለች። እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላ፣ ሳይጠጋ፣ ሳይርቅም ይከተላል። ይቅር አላለችውም። ይቅር ልትለው እንደምትችልም አታውቅም። በፍጥነት ልትሄድና ከዓይኑ ልትሰወር ፈልጋ ነበር። ጥቂት እንደሄደች ግን ነፋሱ የጫማውን ድምፅ ዋጠባት፤ ቀርቶ ይሆን ብላ ልቧ ደነገጠ። እርምጃዋን ቀስ አደረገች። ድምፁ እንደገና ሲሰማት ተናደደች፤ የተናደደችው በእሱ አልነበረም፤ ሳታዝዘው በዘገየው በገዛ እግሯ ነበር።